ወፏ ግን በረረች

ወንድሜ ነዚፍ አዲስ አበባ ሄደ በተባለ በሦስተኛው ቀን እትዬ ጦይባ ልብስ ማጠብ ወደደች።

እትዬ ጦይባ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዲላ ገበያው አጠገብ ከነበረው መደብራችን ጀርባ አብራን ትኖር ነበር። ከልብስ አጠባ ጋር ሲበዛ የተጣላች ሰው ስለነበረች እናቴ መሪማ ሁልጊዜ ትስቅባት ነበር። በ1980 ጥቅምት ላይ ግን ያቺው ጦይባ፣ ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ እያለ፣ ዘንቢል ሙሉ ልብስ ተሸክማ በጪጩ መንገድ ግማሽ ሰዓት እየተጓዘች ወንዝ መውረድ ጀመረች። እኔንም አስከትላ። የቧንቧ ውሃ ልብስ ያሻክራል፣ የወንዝ ውሃ ግን ያለሰልሳል አለችኝ። አመንኳት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከትልቅ ሰው አፍ የወጣው ሁሉ ልክ ነበር።

ነዚፍ የሄደው ሳይሰናበተኝ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ተነስቷል፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። እናቴ መርካቶ ያለው አጎታችን ጋ ንግድ ሊማር እንደሄደ ነገረችኝና ፊቷን አዞረች። እኔም አኮረፍኩ። ደብዳቤ ሲጽፍልኝ አልመልስለትም ብዬ ለራሴ ዛትኩ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ስለ ኮታ ብዙ ይወራ ነበር። ቀበሌው ኮታውን አልሞላም፤ የእኛ ሰፈር ገና ሁለት ይቀረዋል፤ ቤት ለቤት ሊመጡ ነው። አባቴ ኸድሩ ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ የማውቀው ኮታ አንድ ብቻ ነው፤ ከቀበሌው ሱቅ በየወሩ ተሰልፈን የምንወስደው ስኳር። ስለዚህ ሊወስዱብን የሚመጡት ስኳራችንን መስሎኝ ቆርቆሮውን ከነስኳሩ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። እናቴ ቤቱን ስታምስ ውላ ስታገኘው ምነው አለችኝ። ኮታ እንዳይሞሉበት ነው አልኳት። አልተቆጣችኝም። ቆርቆሮውን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች።

ወንዙ ትንሽ ነው። ከላይ በኩል የቡና መፈልፈያ ስለነበረ በመኸር ወቅት ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ የእሸት ቡና ልጣጭ እየተንሳፈፈበት ይወርዳል። ሽታው ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፤ ዛሬም የሆነ ቦታ የከረመ ፍራፍሬ ሲሸተኝ ያ ወንዝ ይመጣብኛል። እኛ የምንወርድበት ቦታ ውሃው ከዋናው መንገዱ ወጥቶ ይተኛል፤ ጠጠርና ለስላሳ ጭቃ አለው። ከማዶ እስከ ውሃው ድረስ የወረደ ጥቅጥቅ ያለ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ በላይ ቡና፣ ከቡናው መሃል የወይዘሮ ወርቂቱ ጎጆ። ወይዘሮ ወርቂቱ ባሏ የሞተባት የጌዴኦ ሴት ናት፤ ቡናዋን ለአባቴ ስታመጣ መደብራችን ደጃፍ ላይ አውቃታለሁ።

ወፏን ያየኋት በሁለተኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ጠጠር መስላኝ ነበር። ከዚያ ጠጠሩ ሰገደ። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ፣ ከእርግብ የምታንስ፣ እግረ ቀጭን ወፍ ናት። ውሃው ዳር ዳሩን ፈጠን ፈጠን እያለች ትሄድና ጭቃውን በቀጭን መንቆሯ ትወጋለች፤ ቆም ስትል ደግሞ ጭራዋ ከወገቧ ጀምሮ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። አንድም ጊዜ አያርፍም። ሶላት የማያልቅላት አሮጊት መሰለችኝና «ሰጋጇ» ብዬ ስም አወጣሁላት።

የሳይንስ መምህራችን ጋሽ ጴጥሮስ ይባላል። ከደጋው ከቡሌ የመጣ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ወጣት ነበር። በዚያ ዓመት ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ሥራ ሰጠን፤ እያንዳንዳችን አንድ ሕይወት ያለው ነገር መርጠን ለአንድ ወር እንድንከታተልና በደብተር እንድንጽፍ። የተሻሉት ደብተሮች በአውራጃው አዳራሽ በሚደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ይታያሉ። ሌሎቹ ዶሮና ጉንዳን መረጡ። እኔ ስለ ሰጋጇ ስነግረው ጋሽ ጴጥሮስ ወዲያው ከቦርሳው ሽፋኑ የተገነጠለ የወፎች መጽሐፍ አወጣ። አንዲት ወደ አገሯ የተመለሰች የውጭ አገር ነርስ ትታለት የሄደችው ነው። ሁለት ሥዕል አሳየኝ፤ እህትማማቾች ይመስላሉ።

አንደኛዋ ኮመን ሳንድፓይፐር፣ ተራዋ ማለት ነው፣ ሌላኛዋ ግሪን ሳንድፓይፐር ትባላለች አለኝ፤ አረንጓዴ የተባለችው ግን አረንጓዴ አይደለችም። ሁለቱም ከሩቅ ሰሜን፣ ሶቪየት ኅብረት ድረስ ካለ አገር ተነስተው በመስከረም ግድም እኛ ጋ ይደርሳሉ፤ ክረምቱ ሲቃረብ ይመለሳሉ። ክፍሉ ይህን ሲሰማ «ጓድ ወፍ» ብሎ ሳቀ።

«መሬት ላይ ብታምታታሽም ስትበር ትለያታለሽ» አለኝ። «ከጭራዋ በላይ፣ ወገቧ ላይ፣ ነጭ ካበራ አረንጓዴዋ ናት። ወገቧ ቡናማ ሆኖ ክንፏ ላይ ነጭ መስመር ካየሽ ተራዋ ናት። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ያላየሽውን አንዲት ቃል አትጨምሪ። በበረረች ቁጥርም ለምን እንደበረረች ጻፊ። ወፍ ያለ ምክንያት አትነሳም።»

ይህን ያለኝ በሙሉ ልቡ ነው። በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ምክር ነው።

የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላዬ የወፏ ሆነ። ትልቅ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ነው። እትዬ ጦይባ ሁለት ሦስት ልብስ ለይስሙላ ነካ ነካ ታደርግና ከዚያ፣ አንቺ ወፍሽን ጠብቂ፣ እኔ ላስጣ፣ ብላ ዘንቢሏን ይዛ በድንጋዮቹ ላይ እየተረማመደች ወደ ማዶ ትሻገራለች። እንሰቱ ውስጥ ትገባለች። ልብስ በእንሰት ጥላ ሥር እንደማይደርቅ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። እርጥብ ልብስ ከደረቅ እንደሚከብድም አውቃለሁ፤ የእሷ ዘንቢል ግን ስንመጣ ከብዶ ስንመለስ ይቀል ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ። ግን ሰጋጇ አልነበረችምና አልጻፍኩትም።

አንዳንዴ ወይዘሮ ወርቂቱ ውሃ ልትቀዳ ትወርድና አጠገቤ ትቆማለች። ወፏን ከድሮም ታውቃታለች።

«ይሄ ወፍ መስቀል ሲሆን ይመጣል፤ ዝናቡ ሲበረታ ይሄዳል» አለችኝ አንድ ቀን። «እናቴም ታውቀው ነበር። ከየት መጣህ ብለን አንጠይቀውም። መጣ፣ ይብላ።»

ያን ጊዜ ስለ ወፍ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ሰጋጇ ወገቧን ከለከለችኝ። ስትነሳ ወይ ከእኔ በተቃራኒ በጥላው በኩል ትሄዳለች፣ ወይ እኔ ዓይኔን እሽት ሳደርግ ታመልጠኛለች። አበራሯ ግን ልዩ ነው። ወደ ላይ አትወጣም፤ ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብላ፣ ክንፏን ወደ ታች ደገን አድርጋ ታርገበግበውና ድርቅ አድርጋ ትንሸራተታለች፤ ደግሞ ታርገበግባለች። ስትሄድ «ትዊ-ዊ-ዊ» ትላለች፤ ድምጿ ውሃው ላይ የተወረወረ ስስ ጠጠር ይመስላል።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ግን ከላይ በኩል ላም ወረደችና ሰጋጇን ወደ እኔ ነዳቻት። ፀሐይ ከኋላዬ ነበረች። በፊቴ ስታልፍ ክንፏ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መስመር ተሰመረ፤ ጀርባዋ እስከ ጭራዋ ድረስ ቡናማ ነው። ዘልዬ ተነሳሁና «እትዬ ጦይባ! እትዬ ጦይባ!» እያልኩ ጮህኩ።

እትዬ ጦይባ ከእንሰቱ እየሮጠች ወጣች። ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗ እኔን ትቶ ከኋላዬ መንገዱን ይፈልጋል።

«ማነው? ማን መጣ?»

«ወገቧ ቡናማ ነው» አልኳት።

ውሃው መሃል፣ እግሯ እየረጠበ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አልቆም ብሎ እንባዋ ወረደ፤ እኔም ደስታዬን ደስታዋ ያደረገች መስሎኝ አቀፍኳት። ከዚያ የበለጠ የወደድኳት ቀን የለም።

በማግስቱ የጻፍኩት እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «ኅዳር 12። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ወፏ ከሁለተኛው ድንጋይ ተነሳች። ምክንያት፦ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰው ከማዶ ከእንሰቱ ብቅ ብሎ ተመለሰ። እትዬ ጦይባን ጠየቅኳት። ማንም ሰው የለም አለች። ወፏ ግን በረረች።»

ከዚያ በኋላ ሰውየው አምስት ጊዜ ተጻፈ። አንድ ጊዜ አስሎ፣ አንድ ጊዜ እንጨት ሰብሮ፣ ሌላ ጊዜ እትዬ ጦይባ ከገባች በኋላ ሲናገር ተሰምቶ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ቦታውን በቀለም እርሳስ ሳልኩት፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ እንሰቱን፣ የወይዘሮ ወርቂቱን ጎጆ። ወፏን የሚያስነሳው ሰው የሚወጣበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት አደረግሁ። የሚያምር ካርታ ነበር።

ደብተሩን ሰኞ ዕለት አስረከብኩ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ክፍል ሲገባ ጢሙ አልተላጨም፤ ደህና አደራችሁም አላለንም። ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህሩ ለኤግዚቢሽኑ ደብተር ሊመርጥ ከቀበሌ ከመጣ ሰው ጋር ገባ። ሰውየው ካኪ የለበሰ፣ ደልደል ያለ፣ ፊቱ የሚስቅ ነው። የጉንዳኑን ደብተር አየ፣ የዶሮውን አየ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ስለ እኔ ሰምቶ ኖሮ፣ የወፏን አሳየን እንጂ፣ አለው።

ጋሽ ጴጥሮስ ደብተሬን ከክምሩ ሥር አወጣው። አልሰጣቸውም።

«ይህ ለእይታ አይበቃም» አለ። «ልጅቷ ያላየችውን ነው የጻፈችው።»

የቀበሌው ሰው እስቲ ልየው ብሎ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ጴጥሮስ ያን ጊዜ ደብተሬን መሃሉ ላይ ያዘና ቀደደው። ደራርቦ እንደገና ቀደደው። ያቺ ወፍ በዚህ አገር ጭራሽ እንደሌለች፣ ከመጽሐፍ ገልብጬ እንዳመጣኋት፣ ሳይንስ ውሸታም እንደማይወድ ተናገረ። የገለበጥኩበት ነው ያለው መጽሐፍ ራሱ ያሳየኝ መጽሐፍ ነው። ተነስቼ ቆምኩ።

«አይቻታለሁ» አልኩ።

«አላየሽም።»

«አይቻታለሁ ጋሼ። እትዬ ጦይባም ነበረች፣ እሷን ጠይቋት...»

«ዝም በይ!»

ጋሽ ጴጥሮስ ሲጮህ ሰምተን አናውቅም ነበር። ወደ ውጭ አስወጥቶ ፀሐይ ላይ አንበረከከኝ። በመስኮቱ የቀበሌው ሰው እየሳቀ፣ መምህር፣ ለወፍ ይህን ያህል፣ ሲለው ይሰማኛል። የተቀደደውን ወረቀት ጋሽ ጴጥሮስ ሰብስቦ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ውጤቴ ዜሮ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የክፍሉ ልጆች «ያላየችው» ነበር የሚሉኝ።

እቤት ደርሼ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እትዬ ጦይባ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው ብላ ጠየቀችኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን አንስቼ በቃሌ አነበነብኩላት። ሰማያዊው ሹራብ ላይ ስደርስ የቡና ጆንያው ላይ ተቀመጠች። በውሸታምነቴ ያፈረችብኝ መሰለኝ። ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ ያለ ዘንቢል ወጣች፤ አባቴም መደብሩን ዘግቶ የጋሽ ጴጥሮስ ቤት ወዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። በኩራት አሳየሁት። ሊደበድብልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ተጣልተው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጋሽ ጴጥሮስ በደጃችን ሲያልፍ አባቴ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ይቆምለት ጀመር። ይህ ከዜሮው በላይ አንገበገበኝ። ወንዝ መውረድም ቀረ። እትዬ ጦይባ እንደ ድሮዋ ልብስ ጠላች። ሰጋጇን ተቀጥቼ የተነጠቅኳት መሰለኝ።

እውነቱን የሰማሁት ካገባሁ በኋላ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ፣ ነዚፍ ቤት ነው። ነዚፍ ዛሬ እዚያ የታወቀ የቡና ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ወጥቷል፣ የልጅ ልጅ ይዟል። መርካቶን ያየው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ከብሔራዊ ውትድርናው ተደብቆ የነበረው ወይዘሮ ወርቂቱ ጓሮ ነው፤ እትዬ ጦይባ በየቀኑ ምግብ ታቀብለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ወፍ የምትከታተል ተማሪ ሆኜ የመንገዱ ሰበብ ነበርኩ። ድምፄን ለመስማት ሲል ወደ ውሃው እየተጠጋ ወፌን እንዳስነሳብኝ እየሳቀ ነገረኝ። ሰማያዊውን ሹራብ እናቴ ናት የሠራችለት። ስንት ጊዜ ሲለብሰው አይቼ ነበር፤ ግን መርካቶ ያለ ሰው ወንዝ ማዶ ይቆማል ብዬ እንዴት ላስብ።

በዚያ ማክሰኞ ምሽት ጋሽ ጴጥሮስና አባቴ የተቀደደውን ደብተር አንድ ላይ አቃጠሉት። ነዚፍ በማግስቱ ሳይነጋ በእግሩ ወደ ቡሌ ወጣ፤ የተቀበለውም የጋሽ ጴጥሮስ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲደግመው የነበረውን ቃል እትዬ ጦይባ ነገረችኝ። አባቴ ሊያመሰግነው አፉን ሲከፍት ጋሽ ጴጥሮስ እንዲህ ብሎ አቋረጠው፤

«አያመስግኑኝ። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ከልጅቷ የተሻለ የጻፈ የለም፤ ውሸታም ያልኳትን ግን እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ?»

አሁን የምኖረው ሐዋሳ ነው። በየዓመቱ በመስከረም ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ፤ ሰጋጆቹም ድንጋዮቹ ላይ እየሰገዱ ይጠብቁኛል። ጥሩ መጽሐፍም አለኝ። ወገቧ ቡናማ ነው፤ ክንፏ ላይ መስመር አለ። ተሳስቼ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሌላ የዘመቻ ጥሪ መጣ፤ ኮታውን ከመሙላት አልፈው ሠራተኛም አስተማሪም ይወስዱ ጀመር። ጋሽ ጴጥሮስ ደረሰው። የሚሄዱት በተሸኙበት ቀን የትምህርት ቤታችን ልጆች ሁሉ አደባባዩ ዳር ተሰልፈን ዘመርን። መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል። አባቴ ሕዝቡ መሃል ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ጋሽ ጴጥሮስ አዲስ የታደለውን ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮበታል። ወደ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ወደ እኛ ክፍል መጣና ከሰልፉ መጀመሪያ አንስቶ አንድ በአንድ ይጨብጠን ጀመር።

በ83 የተረፉት ሲመለሱ አባቴ ለወራት በየቀኑ መናኸሪያ ይወርድ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ አልተመለሰም።

በዚያ ሰልፍ እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ዘረጋልኝ። ሁለት እጆቼን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። እጁ ትንሽ ቆየ። የሚናገር መስሎ ከንፈሩ ተላወሰ፤ ግራ ቀኙ ሰው ነው። ራሱን ዝቅ አደረገልኝና ከእኔ ቀጥላ ያለችውን ልጅ ጨበጣት። እስከ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ዞሮ አላየኝም። መኪኖቹ ወጡ፤ አቧራው እስኪሰክን ዘመርን።

እቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሕዝብ መሃል ማልቀስ ስለፈራች እንደቀረች ዛሬ ይገባኛል።

«አገኘሽው?» አለችኝ። «ተሰናበትሽው?»

«አዎ» አልኳት። «ጨብጬዋለሁ።»

እናቴ ቀኝ እጄን አነሳችና መዳፌን ገልብጣ ሳመችው።